የአቃቂ ወንዝ መዳኑ በምን ይታወቃል?

በ2011 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የወንዝ ዳርቻዎች የማልማት ዕቅድ ይፋ ሲደረግ፣ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሸፍንና 29 ቢሊዮን ብር የሚጠይቅ ሥራ መሆኑ ተነግሮ ነበር። ከዚያ ወዲህ መናፈሻዎች ተከፍተዋል፤ በኮሪደር ልማቱም በቀበናና በሌሎች ወንዞች ዳር የእግር መንገዶች ተነጥፈዋል። የከተማው አስተዳደር በ2017 ዓ.ም. ወንዝ የሚበክሉ ግለሰቦችንና ድርጅቶችን በገንዘብ የሚቀጣ ደንብ አውጥቷል። ነዋሪው ለውጡን የሚመዝነው በዓይኑና በአፍንጫው ነው፤ ቆሻሻው ተነሥቷል ወይ? ሽታው ቀንሷል ወይ? ዳርቻው ለመቀመጥ ይመቻል ወይ?

እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ዳርቻው አምሮ ውኃው እንደሞተ ሊቀር ይችላል፤ ከሽታው በፊት የሚሞት፣ ሽታው ከጠፋም በኋላ ቶሎ የማይመለስ ብዙ ነገር አለ። ወንዙ በእርግጥ ማገገም መጀመሩን ወይም አለመጀመሩን የሚነግረን በውስጡ የሚኖረው ሕይወት ነው። ሳይንቲስቶች ለዚህ ሥራ የሚመርጧቸው ፍጥረታት አመላካች ዝርያዎች ይባላሉ፤ የአንድን አካባቢ ጤና በመኖራቸው፣ በመብዛታቸው ወይም በመጥፋታቸው የሚያሳዩ ማለት ነው። ዘዴው በአውሮፓ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። በኢትዮጵያም ተመራማሪዎች ለአገራችን ወንዞች አስማምተውታል። የጎደለው በመንግሥት ውሳኔ ውስጥ የሚሰጠው ቦታ ነው።

ጠርሙሱ የማይዘው

የወንዝ ጥራት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰበው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ባለሙያው ውኃውን በጠርሙስ ይቀዳል፤ አሲዳማነቱ፣ በውስጡ የሟሟው ኦክስጅን፣ ናይትሬቱና ፎስፌቱ፣ አቅም ሲፈቅድም ክሮሚየሙና እርሳሱ ይለካል። ይህ ምርመራ የማይተካ ጥቅም አለው። ነገር ግን ጠርሙሱ የያዘው በዚያች ደቂቃ ያለፈውን ውኃ ብቻ ነው። ፍሳሹን ሌሊት ወይም ዶፍ ሲወርድ የሚለቅ ፋብሪካ፣ ጠዋት ለሚመጣ ተቆጣጣሪ እንግዳ በሚመጣበት ቀን ብቻ እንደሚጠረግ ቤት ነው።

ችግሩ የከተማ ብቻ አይደለም። በጅማ ዙሪያ ወንዞች ላይ የተደረጉ ጥናቶች የቡና መፈልፈያ ጣቢያዎች የሚለቁት ፍሳሽ የታችኛውን ውኃ ክፉኛ እንደሚጎዳ አሳይተዋል። የቡናው ገለፈትና ስኳራም ፈሳሽ ወንዝ ሲገባ ባክቴሪያዎች እሱን ለማብላላት ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ሥራው ግን ወቅታዊ ነው፤ አዝመራው ካለፈ ከወራት በኋላ ውኃ የቀዳ ተቆጣጣሪ የተረጋጋ ውጤት ሊያገኝ ይችላል። በወንዙ የነበሩት ነፍሳት ግን ያለቁት በአዝመራው ወቅት ነው፤ የታሪኩ ማስረጃም የእነሱ መጥፋት ነው።

የአመላካች ዝርያዎች ብልጫ እዚህ ላይ ነው። በጠጠርና በድንጋይ ሥር የሚኖሩ የነፍሳት እጮች ከሳምንታት እስከ ወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ በአንድ አካባቢ ይቆያሉ። ከሌሊቱ ፍሳሽ ሸሽተው ለመሄድ አቅም የላቸውም። ዛሬ በሕይወት መገኘታቸው ባለፉት ወራት ወንዙ ያን ያህል እንዳልተመረዘ ይናገራል፤ መኖር ሲገባቸው መጥፋታቸው ደግሞ ተቆጣጣሪ ያላየው ነገር እንዳለፈ ይጠቁማል።

ነፍሳቱ እንዴት ይነበባሉ

አሠራሩ ለማስረዳት አይከብድም። ባለሙያው ወንዙ ውስጥ ገብቶ በቀጭን መረብ ፊት ለፊት ጠጠሩን በእግሩ ያንቀሳቅሳል፤ የተፈናቀሉት ፍጥረታት ወደ መረቡ ይገባሉ። ነጭ ትሪ ላይ ይገለበጣሉ፣ በቤተሰብ ደረጃ ይለያሉ፣ ይቆጠራሉ።

ከሁሉ በላይ የሚፈለጉት ሦስት ቡድኖች ናቸው። ሜይፍላይ የሚባሉት በሆዳቸው ግራና ቀኝ በተደረደሩ ስስ ስንጥቦች የሚተነፍሱ፣ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጭራ ያላቸው እጮች ናቸው። ካዲስፍላይ የሚባሉት ከአሸዋና ከቅጠል ፍርፋሪ ቤት ይሠራሉ ወይም ምግባቸውን የሚያጠምዱበት መረብ ያደራሉ። ሦስተኛው ቡድን፣ ስቶንፍላይ፣ በአውሮፓ ወንዞች እጅግ ብዙ ዓይነት ሲሆን በሐሩራማው አፍሪካ ግን በአመዛኙ የአንድ ቤተሰብ አባላት ብቻ ናቸው። ሦስቱም ብዙ ኦክስጅን ያለውን፣ የሚፈስና ቀዝቀዝ ያለ ውኃ ይወዳሉ። በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ በደማቸው ሄሞግሎቢን ስላላቸው ኦክስጅን እጅግ ባነሰበት ጭቃ የሚኖሩት ቀያይ የዝንብ እጮች፣ የዝቃጭ ትሎች፣ እንዲሁም ከውኃው በላይ በዘረጉት ረጅም ቱቦ አየር የሚስቡ እጮች አሉ። የውኃ ተርብ እጭ፣ ሸርጣን፣ አልቅትና ቀንድ አውጣ እንደየዓይነታቸው በመካከል ይቀመጣሉ።

እያንዳንዱ ቤተሰብ እንደ ብክለት ቻይነቱ ነጥብ ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በብሪታኒያ የተዘጋጀው የነጥብ ሥርዓት ከ1 እስከ 10 የሚሄድ ነው፤ እጅግ ስሱዎቹ 10፣ የዝቃጭ ትሎች 1 ያገኛሉ። በአንድ ወንዝ ላይኛው ክፍል 10፣ 10፣ 5፣ 4 እና 2 ነጥብ ያላቸው አምስት ቤተሰቦች ተገኙ እንበል፤ ድምሩ 31፣ አማካዩ 6.2 ነው። ከፍሳሹ በታች 2 እና 1 ያላቸው ሁለት ቤተሰቦች ብቻ ከቀሩ አማካዩ 1.5 ይሆናል። የኬሚስትሪን ቋንቋ የማያውቅ የምክር ቤት አባልም ይህን ልዩነት ይረዳል።

የብሪታኒያን ሰንጠረዥ እንዳለ አምጥቶ ኢትዮጵያ ላይ መጫን ግን ስሕተት ነው። የደጋ ወንዞቻችን ነፍሳት የተለዩ ናቸው፤ በአውሮፓ ስሱ የሚባል ቤተሰብ እዚህ ቻይ አባላት ሊኖሩት ይችላል። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምራ የራሷን ሥርዓት የገነባችው በዚህ ምክንያት ነው። በኢትዮጵያም የሰበታው የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ተመራማሪ አስቻለው ላቀው ከኦስትሪያዊው ኦቶ ሞግ ጋር እ.ኤ.አ. በ2015 ለማዕከላዊና ለደቡብ ምሥራቅ ደጋማ ወንዞች የሚሆን መመዘኛ አሳትመዋል። ኢትባዮስ የሚባለው የነጥብ ሥርዓትም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደግሞ ለደቡብ ምዕራብ ረግረጎች ተመሳሳይ መለኪያ አዘጋጅተዋል። ስለዚህ ‹‹መሣሪያው የለንም›› የሚለው ምክንያት ዛሬ አይሠራም።

መለኪያው ዝም ሲል

የአዲስ አበባ ወንዞች ለዘዴው ከባድ ፈተና ናቸው። ቀበናም ሆነ ሁለቱ አቃቂዎች (ትልቁና ትንሹ) የሚነሡት ከከተማዋ ሰሜን ከ3,000 ሜትር በላይ ከሚሆነው ተራራ ነው። ላይ ሳሉ ድንጋያማ፣ ቀዝቃዛና ሕይወት ያላቸው ናቸው። ወደ መኖሪያ ሰፈሮች ሲገቡ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይትና የገበያ ጥራጊ ይቀበላሉ፤ በተለይ ትንሹ አቃቂ የፋብሪካዎችን ፍሳሽ ይጨምራል። በበጋ የተፈጥሮ ፍሰቱ ስለሚያንስ በአንዳንድ ቦታ የሚወርደው በአብዛኛው ፍሳሽ ነው ማለት ይቻላል።

አበበ በየነና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ ሁለት ዓይነት አመላካቾችን አወዳድረው ነበር፤ ነፍሳትንና ዲያቶሞችን። ዲያቶሞች ድንጋይ ላይ የሚያድጉ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ፣ የመስታወት ዓይነት ቅርፊት ያላቸው አልጌዎች ናቸው። ክፉኛ በተበከሉት ቦታዎች ነፍሳቱ ከሞላ ጎደል ስለጠፉ አንዱን መጥፎ ቦታ ከሌላው መጥፎ ቦታ ለመለየት አልረዱም፤ ዲያቶሞቹ ግን ለዩት።

ይህ ግኝት ከተመራማሪዎች ክበብ ውጭ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ነጥቡ ከወለሉ ላይ ከተቀመጠ ወዲያ የባሰውን ከመጥፎው መለየት አይቻልም። ወንዙ ከ‹‹እጅግ መርዛማ›› ወደ ‹‹በጣም ቆሻሻ›› ቢሻሻል፣ ይህ በራሱ ትልቅ እርምጃ ሆኖ ሳለ፣ በነፍሳት ሰንጠረዥ ላይ ምንም ለውጥ ላይታይ ይችላል። ፖለቲከኛው ‹‹ይህን ሁሉ ሠርተን ውጤት የለም ትላላችሁ›› ብሎ መለኪያውን ሊጥለው ይችላል። መፍትሔው አመላካቾችን እንደ በሽታው ደረጃ መቀያየር ነው፤ ለከተማው መሐል ዲያቶሞችን፣ ለላይኛውና ለሚያገግመው ክፍል ነፍሳትን፣ ቆይቶም ዓሣን።

ሌሎችም ጥንቃቄዎች አሉ። የክረምት ጎርፍ ጠጠሩን ስለሚገለብጥ ናሙና በበጋ፣ ፍሰቱ ሲረጋጋ መወሰድ አለበት። በእንጦጦ ቁመት የሚገኘውን ሕይወት ከእሱ በ1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ካለው የአቃቂ ሜዳ መጠበቅ አይገባም፤ እያንዳንዱ ቦታ የሚነጻጸረው ከራሱ ዓይነት ጤናማ ቦታ ጋር ነው። አሳሳቢው ነገር እንዲህ ያሉ ማነጻጸሪያ የሚሆኑ ቦታዎች እያነሱ መሄዳቸው ነው። የእንጦጦ ምንጮችም ቢሆኑ ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በባሕር ዛፍ የተከበቡ ናቸው፤ በዘይትና በታኒን የተሞላው ቅጠሉ ደግሞ እንደ አገር በቀል ዛፍ ቅጠል ለነፍሳቱ የሚመች ምግብ አይደለም።

የሥነ ምህዳር ጤናን ከሰው ጤና ጋር ማምታታትም ያሳስታል። የወንዝ ዓይነ ስውርነትን የምታስተላልፈው ጥቁር ዝንብ የምትራባው ኦክስጅን በሞላበት ፈጣን ውኃ ነው። በነፍሳት መለኪያ ጥሩ ነጥብ ያገኘ ወንዝ ያለ ማጣሪያ ይጠጣል ማለት አይደለም፤ የሰገራ ባክቴሪያ ምርመራ በቦታው መቀጠል አለበት።

ከወንዙ ወደ ተፋሰሱ

ነፍሳት የሚናገሩት ስለ አንድ የወንዝ ክፍል ነው። ተፋሰሱ በሙሉ፣ ከተራራው እስከ ሐይቁ፣ በምን ሁኔታ እንዳለ ለማወቅ ሰፊ ቦታ የሚያካልሉ ፍጥረታት ያስፈልጋሉ።

ለዚህ የጣና ዓሦችን የሚያህል ምሳሌ በአገራችን አይገኝም። ዓሣ አጥማጆች ነጭ ዓሣ የሚሏቸው፣ ከ15 ያላነሱ ዝርያዎች ያሉበት ቡድን በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ሽቅብ በመዋኘት በንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ይህ ጉዞ እንዲሳካ የወንዙ አፍ በመረብ መዘጋት የለበትም፤ ግድብ መንገዱን መቁረጥ የለበትም፤ አሸዋና ጠጠሩ ለግንባታ ተዝቆ ማለቅ የለበትም፤ ከተራቆተ እርሻ የሚታጠበው ደለልም እንቁላሉን መቅበር የለበትም። ከአራቱ አንዱ ከተበላሸ የዓሦቹ ቁጥር ይወርዳል። በአንጻሩ አምባዛ አየር ሊስብ የሚችል ተጨማሪ መተንፈሻ ስላለው በደፈረሰና ኦክስጅን ባጠረው ውኃ ይቋቋማል። በገበያ ላይ ነጭ ዓሣ እያነሰ አምባዛና ቀረሶ ቦታውን ሲይዙ፣ ለውጡ አጥማጁ ብቻ ሳይሆን የእርሻና የመስኖ ባለሥልጣኑም ሊያነበው የሚገባ መልእክት ነው። ከመጠን ያለፈ ማጥመድ የራሱ ድርሻ ስላለው ግን ዓሣን ብቻውን ምስክር አድርጎ መፍረድ አይቻልም።

በአዋሽ ላይኛው ተፋሰስ ደግሞ የበርጋ ረግረግ አለ። ነጭ ክንፍ ያላት፣ ሣር ውስጥ የምትደበቅ አንዲት ትንሽ ወፍ፣ ፍላፍቴይል ከሚባለው ወገን፣ በዓለም ላይ እንደምትራባባቸው ከታወቁት እጅግ ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ወፏ የምትፈልገው ጥልቀት የሌለው ውኃና ረጅም ሣር በክረምት አብረው እንዲገኙ ነው። ረግረጉ ከተንጣፈፈ ወይም ያለ ዕረፍት ከተጋጠ ትጠፋለች፤ ያው ረግረግ ደግሞ የክረምቱን ውኃ ይዞ ቀስ በቀስ ለአዋሽ የሚለቅ ነው። የእሷ መኖር ከወፍ ወዳዶች ደስታ በላይ ትርጉም የሚኖረው ለዚህ ነው።

የተገላቢጦሽ አመላካችም አለ፤ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም። በአዋሽ ተፋሰስ ቆቃ ሐይቅ ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ ገደማ ታየ፤ በጣና ላይ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ መስፋፋቱ በይፋ ተነገረ፤ የአባ ሳሙኤልን ሐይቅም ወርሷል። እምቦጭ የሚፋፋው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በሞላበት ውኃ ነው። በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእጁ ሲነቅለው ቆይቷል፤ ማዳበሪያው፣ ደለሉና የከተማ ፍሳሹ እስከቀጠለ ድረስ ግን አረሙ ምልክት ነው፣ በሽታው ሽቅብ ነው ያለው።

ማን ይለካ? ማን ይጠየቅ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጎ አስቀምጧል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ለደረጃዎችና ለቅጣት መሠረት ጥሏል። በተግባር ግን የፋብሪካ ፍሳሽ የሚዳኘው በኬሚካል መጠን ነው፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ ከገደቡ በታች ቢለቅ እንኳ የብዙዎቹ ድምር ወንዙን ሊገድለው ይችላል። በሕይወት ላይ የተመሠረተ መለኪያ ድምሩን ያሳያል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው የውኃ መመሪያ ነፍሳትን፣ አልጌንና ዓሣን የውኃ ጥራት ሕጋዊ መመዘኛ ያደረገው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ድክመቱም መታወቅ አለበት። ነፍሳት ወንዙ መታመሙን ይናገራሉ፤ ማን እንዳሳመመው አይናገሩም። በእነሱ ብቻ ፍርድ ቤት መቆም አይቻልም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ መሆን ይኖርበታል፤ በመጀመሪያ በርካሹ የነፍሳት ምርመራ ጉዳቱ የሚጀምርበትን የወንዝ ክፍል መለየት፣ ቀጥሎ ውዱን የኬሚካል ምርመራ እዚያ ላይ ማሳረፍ፣ ከዚያ የፍሳሽ ቱቦውን ባለቤት መጠየቅ። ዛሬ ያለው አሠራር ግን ውስን የላቦራቶሪ አቅምን በሰፊ ወንዝ ላይ በትኖ የሚያባክን ነው።

ወጪው በአብዛኛው የሰው ኃይል ነው። መረብ፣ ትሪና አጉሊ መነጽር የከባድ ብረት መመርመሪያ መሣሪያን ዋጋ ቅንጣት አይሆኑም። እጭን ከእጭ የሚለይ ሠልጣኝ ዓይን ግን በአንድ ሳምንት ዐውደ ጥናት አይገኝም፤ ባለሙያው በተዛወረ ቁጥርም ሥራው ይቋረጣል። የሚያለማው አካል ራሱ መዛኝ ከሆነ ደግሞ መጥፎ ነጥብ ቢሮ ውስጥ የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። የእኔ ምርጫ ናሙናውን ዩኒቨርሲቲዎችና የሰበታው ማዕከል እንዲሠሩት፣ ውጤቱን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣኑ በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲያወጣው ነው።

ይህ ሁሉ የነፍሳት ወዳጆች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአቃቂ ውኃ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ያጠጣል፤ አትክልቱ ወደ ከተማው ገበያ ተመልሶ ይገባል። ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ይወርዳሉ፤ አዋሽም የሞጆን የቆዳ ፋብሪካዎች ፍሳሽ ከሚያመጣው የሞጆ ወንዝ ጋር ቆቃን ይሞላል። ከቆቃ ዓሣ ይበላል፤ ከዚያ በታች አዳማ ከአዋሽ አጣርታ ትጠጣለች፤ ወንጂና መተሐራ በመስኖ ይጠቀማሉ።

ወደፊት ምን ሊሆን ይችላል?

አሁን ባለው አካሄድ በጣም ሊሆን የሚችለው ዳርቻው ከውኃው ቀድሞ መሻሻሉ ነው። ደረቅ ቆሻሻ ይቀንሳል፣ ሽታውም በከፊል። የቤቶች ፍሳሽ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ በሚወስድ መስመር እስካልተያዘ ድረስ ግን ኦክስጅኑ አይመለስም፤ ነፍሳቱም አይመለሱም። ከዚህ የሚከፋ አንድ ነገር አለ። የወንዙ አልጋና ዳርቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ በግንብ ከታጠረ፣ ውኃው አንድ ቀን ቢጠራም እንኳ ነፍሳቱ የሚጠለሉበት ጠጠር፣ የሚበሉት ቅጠልና ክንፍ አውጥተው የሚያርፉበት ቁጥቋጦ አይኖርም። ጎርፍን መከላከል ግዴታ በሆነበት ቦታ ግንብ ይሠራ፤ በሌላው ግን ድንጋይ በሽቦ የታሰረበት ጋቢዮን፣ አገር በቀል ዛፍና ያልተነጠፈ አልጋ ቢቀር ወንዙ የመዳን ዕድል ያገኛል። ንድፉ ከጸደቀ በኋላ ይህን ማረም እጅግ ውድ ስለሆነ፣ ከሁሉም ምርጫዎች ይልቅ የሚያስቸኩለው ይህ ነው።

ሁለተኛው ዕድል የፍሳሽ መስመሩ ከዳርቻው ልማት ጋር እኩል የሚራመድበት ነው፤ ያኔ መሻሻሉ ከላይ ወደ ታች እንደሚመጣ መጠበቅ ይቻላል። የቀበና ላይኛው ክፍል ከእንጦጦ ምንጮች ቅርብ ስለሆነ ነፍሳት በውኃ ተወስደውም በክንፍ በረውም በአጭር ጊዜ ሊደርሱበት ይችላሉ። ትንሹ አቃቂ ግን በዝቃጩ ውስጥ የከረመ ከባድ ብረት ስላለበት በመጨረሻ ረድፍ ላይ ነው፤ ውኃው ቢጠራ እንኳ ዝቃጩ ለረጅም ጊዜ መመረዙን ሊቀጥል ይችላል። የለንደኑ ቴምስ ለትዕግሥት ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ሕይወት አልባ ተብሎ የተፈረጀው ወንዝ፣ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎቹ በስፋት ከተሻሻሉ በኋላ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዓሣ ይመለስበት ጀመር፤ በ1974 ሳልሞን ተያዘበት። ለውጡን ያመጣው የማጣሪያው ሥራ ነው።

ሦስተኛው ዕድል፣ ሕጉ ራሱ ሕይወትን መመዘኛ ያደረገበት፣ ዛሬ ሩቅ ይመስላል። መነሻው ግን ትንሽ ነው። ቀጣዩ የግንባታ ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት በበጋ ከእንጦጦ እስከ አባ ሳሙኤል በተመረጡ ቦታዎች የነፍሳትና የዲያቶም ናሙና ተወስዶ ቢመዘገብ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ ‹‹ወንዙ ተሻሽሏል›› የሚል ሁሉ ከምን ጋር አነጻጽሮ እንደሆነ ሊጠየቅ ይችላል። ይህ መነሻ መረጃ ካልተያዘ ግን ግንባታው አልጋውን ከለወጠው በኋላ በምንም ገንዘብ ተመልሶ አይገኝም።